«ኖት» ባለበት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተውሳከ ግስ የት ይቀመጣል?

«ሁልጊዜ አይመጣም» ሲባል አንዱ ሰሚ «አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል» ብሎ ይረዳል። ሌላው «ጭራሽ ድርሽ አይልም» ብሎ ይይዘዋል። በአማርኛ ይህን የምንለየው በድምፃችን፣ በወሬው አካሄድ ወይም አስከትለን በምንጨምረው ማብራሪያ ነው። እንግሊዝኛ ግን ነገሩን ለድምፅ ብቻ አይተወውም፤ ተውሳከ ግሱን (እንደ «ሁልጊዜ» ያለውን፣ ግሱን የሚያብራራውን ቃል) አሉታ ከሚያደርገው ቃል ከ«ኖት» በፊት ወይም በኋላ በማስቀመጥ ይለየዋል። ሰዋስው ያጠና፣ ቃላት የሸመደደ አማርኛ ተናጋሪ ሳያስበው ሌላ ነገር ተናግሮ የሚገኝበት አንዱ ቦታ ይሄ ነው።

ምክንያቱ ከራሳችን ቋንቋ ይነሳል። አማርኛ አሉታን በግሱ ላይ ከፊትና ከኋላ ይቋጥራል፦ «መጣ» «አል-መጣ-ም» ይሆናል። «ሁልጊዜ»፣ «በጣም»፣ «ሆን ብሎ» እዚያ ቋጠሮ ውስጥ መግባት ስለማይችሉ ከግሱ በፊት ይቆማሉ። በአሉታው ሥር ቢሆኑም ከአሉታው ውጭ ቢሆኑም ቦታቸው አንድ ነው። በእንግሊዝኛ «ኖት» ራሱን የቻለ ቃል ነው፤ ከእሱ በኋላ የመጣውን ያፈርሳል፣ ከእሱ በፊት የቆመውን አይነካም። የዚህ መመሪያ ቁም ነገር ይኸው ነው፤ የቀረው አፈጻጸሙ ነው።

አንዱን ምሳሌ ቀረብ አድርገን እንየው። አለቃችሁ የሌሊት ፈረቃ ትወዱ እንደሆነ ጠየቀ እንበል። «አይ ዶንት ሪሊ ላይክ ኢት» ብትሉ «ብዙም አልወደውም» ማለታችሁ ነው። «ሪሊ» ከ«ዶንት» በኋላ ስለመጣ የፈረሰው የመውደዱ መጠን ነው። «አይ ሪሊ ዶንት ላይክ ኢት» ብትሉ ግን «የምር አልወደውም» ብላችኋል። አምስቱም ቃላት ያው ናቸው፤ ሁለቱ ብቻ ቦታ ተለዋወጡ። በመጀመሪያው መልስ አለቃው ፈረቃውን ሳይጨነቅ ሊመድብላችሁ ይችላል፣ በሁለተኛው ግን ቆም ብሎ ያስባል።

ምሳሌዎቹን በፊደላችን የጻፍናቸው ጮክ ብላችሁ እንድታነቧቸው ነው። ቅደም ተከተል በዓይን ከሚያዝ ይልቅ በጆሮ ቶሎ ይያዛል።

ደረጃ 1፦ ተውሳከ ግሱን አውጡና ባዶውን አሉታ ሥሩ

መጀመሪያ «ሁልጊዜ»፣ «ምናልባት»፣ «በደንብ» የሚለውን ቃል ወደ ጎን አድርጉት። የቀረውን ብቻ ወደ እንግሊዝኛ አምጡ። ዓረፍተ ነገሩ ረዳት ግስ ካለው (ኢዝ፣ አር፣ ዎዝ፣ ሃቭ፣ ሃዝ፣ ዊል፣ ካን፣ ሹድ፣ መስት) «ኖት» ወዲያው ከእሱ ቀጥሎ ይገባል። ከሌለው «ዱ»፣ «ደዝ» ወይም «ዲድ» ተበድራችሁ ዋናውን ግስ ወደ መነሻ ቅርጹ ትመልሳላችሁ። «ሺ ድሪንክስ ኮፊ» «ሺ ደዝንት ድሪንክ ኮፊ» ይሆናል፤ የ«ድሪንክስ» «ስ» ትወድቃለች። «ሂ ኬም» «ሂ ዲድንት ካም» ይሆናል። «ሂ ዲድንት ኬም» ስህተት የሚሆነው ያለፈውን ጊዜ «ዲድ» አንዴ ስለተሸከመው ነው።

ረዳት ግሶቹ ሁለት ከሆኑ «ኖት» የመጀመሪያውን ብቻ ይከተላል፦ «ሺ ሹድንት ሃቭ ጎን»። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው በንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ «ፊር ኖት» (አትፍራ) የሚል ታገኛላችሁ። ያ የጥንቱ አሠራር ነው፤ ዛሬ «ዶንት ቢ አፍሬድ» ይባላል። ከቅዱስ መጽሐፉ የለመዳችሁትን ለሥራ ደብዳቤ አትዋሱት።

ባዶው አሉታ ካልተስተካከለ ተውሳከ ግሱን የትም ብታስቀምጡት አይቃናም፤ ይህን ደረጃ አትዝለሉት።

ደረጃ 2፦ አራቱን ቦታዎች ምልክት አድርጉ

«ሺ ደዝንት ድሪንክ ኮፊ» በሚለው ላይ ክፍት የሆኑት ቦታዎች አራት ናቸው። አንደኛው ከባለቤቱ ከ«ሺ» በፊት ነው። ሁለተኛው በ«ሺ» እና በ«ደዝንት» መካከል፣ ሦስተኛው በ«ደዝንት» እና በ«ድሪንክ» መካከል፣ አራተኛው ከ«ኮፊ» በኋላ መጨረሻው ላይ ነው። ከአሁን በኋላ በቁጥር እንጠራቸዋለን።

ሁለት የተዘጉ ቦታዎችም አሉ። አንዱ በግሱና በተሳቢው መካከል ያለው ነው፦ በ«ድሪንክ» እና በ«ኮፊ» መሀል ተውሳከ ግስ አይገባም። ሌላው የ«ደዝንት» ሆድ ነው። «ንት» ከረዳት ግሱ ጋር ተጣብቆ ሲጻፍ መሀሉ ምንም አይገባም። «ኖት» በሙሉ ሲጻፍ ግን ከ«ዊል»፣ ከ«ሃዝ»ና ከ«ኢዝ» ጋር ክፍተት ይፈጠራል፤ «ሂ ዊል ፕሮባብሊ ኖት ካም» ትክክል ነው። ከ«ዱ»፣ «ደዝ» እና «ዲድ» ጋር ይህን ክፍተት ባትጠቀሙበት ይሻላል፤ «ሺ ደዝ ዩዡዋሊ ኖት ድሪንክ» የሚለው ለጆሮ ይከብዳል።

ደረጃ 3፦ «ማለት አይደለም» ብላችሁ ፈትኑት

አማርኛውን ዓረፍተ ነገር አዎንታዊ አድርጉና ጫፉ ላይ «ማለት አይደለም» ጨምሩበት። «ሁልጊዜ አይመጣም» «ሁልጊዜ ይመጣል ማለት አይደለም» ይሆናል። ልትሉ ያሰባችሁት ይህንኑ ከሆነ ተውሳከ ግሱ በአሉታው ሥር ነው፤ ሦስተኛው ቦታ ይገባል፦ «ሂ ደዝንት ኦልዌይስ ካም»። ልትሉ ያሰባችሁት «ሁልጊዜ እንደቀረ ነው» ከሆነ «ሂ ኔቨር ካምስ» በሉ። «ሂ ኦልዌይስ ደዝንት ካም» የሚለውን ግን ተዉት፤ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ አይቀበለውም።

ይህ ፈተና ከሁሉ የሚጠቅመው በ«ሆን ብሎ» ላይ ነው። «ሆን ብዬ አልሰበርኩትም» ስትሉ ሰብራችሁታል፣ ግን አስባችሁበት አይደለም። «ሆን ብዬ አልመለስኩለትም» ስትሉ ደግሞ አልመለሳችሁም፣ አስባችሁበትም ነው። የአማርኛው አሠራር አንድ ሆኖ ትርጉሙ ግን ተቃራኒ ነው! እንግሊዝኛ ሁለቱን በቦታ ይለያቸዋል፦ «አይ ዲድንት ብሬክ ኢት ኦን ፐርፐስ» እና «አይ ዴሊበሬትሊ ዲድንት አንሰር ሂም»። መኪና ለገጨ ሰው የቃል መቀበያ ወረቀት ላይ ይህ ልዩነት ከባድ ነው። «አይ ዴሊበሬትሊ ዲድንት ስቶፕ» ብሎ የጻፈ ሰው አውቆ እንዳልቆመ አምኗል።

«በግልጽ አላስረዳም» የሚለውም ሁለት መንገድ አለው። «ሂ ዲድንት ኤክስፕሌን ኢት ክሊርሊ» ማለት አስረድቷል፣ ግን አልተብራራም ማለት ነው። «ሂ ክሊርሊ ዲድንት ኤክስፕሌን ኢት» ማለት ግን አለማስረዳቱ ግልጽ ነው ማለት ነው። የመጀመሪያው የአገላለጽ ጉድለት ሲሆን ሁለተኛው ሥራውን አለመሥራት ነው።

ደረጃ 4፦ በአጭር መልስ አረጋግጡ

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በሁለት ወይም በሦስት ቃል የሚሰጧቸውን አሉታዊ መልሶች ብታስታውሱ ቅደም ተከተሉ እዚያው ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ይህ ዘዴ ብዙ ሕግ ከመሸምደድ ያድናል።

«ኖት» ቀድሞ የሚመጣባቸው፦ ኖት ሪሊ፣ ኖት ኦልዌይስ፣ ኖት ኦፈን፣ ኖት የት (ገና)፣ ኖት ኔሰሰሪሊ፣ ኖት ኮምፕሊትሊ፣ ኖት ኤግዛክትሊ፣ ኖት ኤኒሞር፣ ኖት አት ኦል። እነዚህ በዚህ ትርጉማቸው በሙሉ ዓረፍተ ነገር ውስጥም ከ«ኖት» በኋላ ይገባሉ፤ ወይ ሦስተኛው ወይ አራተኛው ቦታ።

«ኖት» ተከትሎ የሚመጣባቸው፦ ፕሮባብሊ ኖት፣ ዴፊኒትሊ ኖት፣ ሰርተንሊ ኖት፣ ኦብቪየስሊ ኖት፣ ሜይቢ ኖት፣ ሆፕፉሊ ኖት። እነዚህ ከ«ኖት» በፊት ይቆማሉ፤ አንደኛው ወይም ሁለተኛው ቦታ የነሱ ነው። «ኖት ፕሮባብሊ» የሚል መልስ ሰምታችሁ አታውቁም፤ ስለዚህ «ሂ ዎንት ፕሮባብሊ ካም» አትበሉ፣ «ሂ ፕሮባብሊ ዎንት ካም» በሉ።

ትርጉሙ ሳይለወጥ በሁለቱም በኩል የሚሰማው «ዩዡዋሊ» ነው። «አይ ዶንት ዩዡዋሊ ኢት ብሬክፋስት» እና «አይ ዩዡዋሊ ዶንት ኢት ብሬክፋስት» የትርጉም ልዩነታቸው ከቁጥር አይገባም፤ ሁለቱም «አብዛኛውን ጊዜ ቁርስ አልበላም» ናቸው።

አማርኛችን የሚያሳስትባቸው ቃላት

በጣም። ብዙ ሰው «በጣም አልወደውም» ለማለት «አይ ቬሪ ዶንት ላይክ ኢት» ወይም «አይ ዶንት ቬሪ ላይክ ኢት» ይላል። «ቬሪ» ብቻውን ግስ አያጅብም፤ የሚያጅበው ቅጽልንና ሌላ ተውሳከ ግስን ነው። ከግስ ጋር ሲሆን «ቬሪ መች» ይሆንና አራተኛው ቦታ ይሄዳል፦ «አይ ዶንት ላይክ ኢት ቬሪ መች»። ልብ በሉ፣ የዚህ ትርጉም «ብዙም አልወደውም» ነው፤ ከ«ኖት» በኋላ ስለመጣ መጠኑን አፈረሰው። ጥላቻችሁን ማጠንከር ከፈለጋችሁ «ሪሊ»ን ወደ ሁለተኛው ቦታ አምጡ፣ ወይም መጨረሻው ላይ «አት ኦል» ጨምሩ፦ «አይ ዶንት ላይክ ኢት አት ኦል» (ጨርሶ አልወደውም)። ምግብ ቀርቦላችሁ «ብዙም አልራበኝም» ለማለት «አይም ኖት ሪሊ ሃንግሪ» በሉ። «አይም ሪሊ ኖት ሃንግሪ» «የምር አልራበኝም፣ አታስቸግሩኝ» ወደሚለው ያዘነብላል።

በፍጹም፣ መቼም፣ ከቶ፣ በጭራሽ። በአማርኛ እነዚህ ቃላት አሉታ ግስ ይፈልጋሉ፦ «በፍጹም አልዋሽም»። እንግሊዝኛው «ኔቨር» ግን አሉታውን ራሱ ይዞ ስለሚመጣ «አይ ኔቨር ዶንት ላይ» ሁለት አሉታ ይሆናል። አንድ አሉታ ይበቃል። «ኔቨር» ሲገባ «ዶንት» ይወጣል፤ «ዶንት» ሲወጣ ደግሞ ግሱ ያጣውን ቅርጽ መልሶ ያገኛል። «ሺ ደዝንት ላይ» ውስጥ የወደቀችው «ስ» ተመልሳ «ሺ ኔቨር ላይስ» ይሆናል፤ «ሂ ዲድንት ካም» «ሂ ኔቨር ኬም» ይሆናል። ተማሪ «ሂ ኔቨር ካም» ብሎ ሲጽፍ «ዲድ»ን አስወጥቶ ግሱን መመለስ ረስቷል ማለት ነው።

የ«ኔቨር» ቦታ ከዋናው ግስ በፊት ነው፤ ከ«ኢዝ» እና ከመጀመሪያው ረዳት ግስ ግን በኋላ ይገባል፦ «ሺ ኢዝ ኔቨር ሌት»፣ «ሺ ሃዝ ኔቨር ቢን ሌት»። «ሬርሊ»፣ «ሴልደም» እና «ሃርድሊ»ም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ፣ «ኖት» አያስፈልጋቸውም። «በደንብ አትሰማኝም፣ እኔም እምብዛም አልሰማህም» በሚባልበት የስልክ ንግግር ላይ «አይ ካን ሃርድሊ ሂር ዩ» ይባላል እንጂ «ካንት ሃርድሊ» አይባልም። «ሃርድሊ»ን ከ«ሃርድ» ጋር ያምታቱ ሰዎች የሥራ ማመልከቻቸው ላይ «አይ ሃርድሊ ዎርክ» ብለው ይጽፋሉ። ሊሉ የፈለጉት «ጠንክሬ እሠራለሁ» ነው፤ የጻፉት ግን «ሥራ የሚባል ብዙም አልነካም» ነው። ትክክሉ «አይ ዎርክ ሃርድ» ነው።

«አጭሼ አላውቅም» የሚለውንም እዚሁ እንጨርሰው። በአማርኛ «ማወቅ» ገብቶበታል፤ በእንግሊዝኛ «ኖው» የሚባል ግስ አይገባበትም። «አይ ሃቭ ኔቨር ስሞክድ» ማለት በዕድሜዬ አጭሼ አላውቅም ነው። «አይ ዶንት ስሞክ» ማለት አላጨስም፣ ድሮ አጭሼ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ለሐኪም ስትመልሱ የትኛውን እንደምትሉ እወቁ።

ምናልባት። «ሜይቢ» እና «ፐርሃፕስ» አንደኛው ቦታ ላይ ይቀመጣሉ፦ «ሜይቢ ሂ ዎንት ካም»። «ፕሮባብሊ» ሁለተኛው ቦታ ላይ ነው። የሚያሳስተው አዎንታዊው ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ሂ ዊል ፕሮባብሊ ካም» ሲባል «ፕሮባብሊ» ከ«ዊል» በኋላ ነበረ። ወደ አሉታ ሲዞር ግን ተነስቶ ከ«ዎንት» በፊት ይሄዳል። ተማሪ «ዊል»ን ወደ «ዎንት» ቀይሮ «ፕሮባብሊ»ን ካለበት ሳያንቀሳቅስ ይቀራል። ከተምታታባችሁ አማርኛችን ራሱ የሚያውቀው ሌላ መንገድ አለ። «የሚመጣ አይመስለኝም» እንላለን አይደል? እንግሊዝኛውም እንደዚያው አሉታውን ወደ ማሰቡ ያዛውረዋል፦ «አይ ዶንት ቲንክ ሂል ካም»። እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ይስማማሉ፤ ተጠቀሙበት።

ከዚህ ቤተሰብ የሚያፈነግጠው «ኔሰሰሪሊ» ነው። «ውድ ስለሆነ ብቻ ጥሩ ነው ማለት አይደለም» ለማለት «ኢት ኢዝንት ኔሰሰሪሊ ጉድ» ይባላል፤ ሦስተኛውን ቦታ ይይዛል። «ማለት አይደለም» የሚለው ፈተና ራሱ ቀጥታ ይነግራችኋል።

ገና፣ እስካሁን፣ አሁንም። «ደመወዝ ገና አልከፈሉኝም» ሲሆን «ዜይ ሃቭንት ፔይድ ሚ የት»፤ «የት» መጨረሻው ላይ ነው፤ ቃሉ ረጋ ያለ ነው፣ ይከፍላሉ የሚል ተስፋ አለበት። «አሁንም አልከፈሉኝም» ሲሆን «ዜይ ስቲል ሃቭንት ፔይድ ሚ»፤ «ስቲል» ከ«ሃቭንት» በፊት ነው፤ ትዕግሥት ማለቁ ይሰማል። «ዜይ ሃቭንት ስቲል ፔይድ» የሚለው ስህተት የሚመጣው «ስቲል»ን በ«የት» አምሳል ከ«ኖት» በኋላ ለማስገባት ሲሞከር ነው። «ኦልሬዲ» ደግሞ ለአዎንታ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ አሉታ ሲሆን ለ«የት» ቦታውን ይለቃል። አሜሪካ ውስጥ «አይ ዲድንት ኢት የት» ሲባል ትሰማላችሁ፤ በንግግር የተለመደ ነው። በፈተና ላይ ግን «አይ ሃቭንት ኢትን የት» ጻፉ። በመደበኛ ደብዳቤ «የት» ወደ ሦስተኛው ቦታ ሊመጣ ይችላል፦ «ዊ ሃቭ ኖት የት ሪሲቭድ ዩር ሌተር»።

«ከእንግዲህ እዚህ አይሠራም» ሁለት መንገድ አለው፦ «ሂ ደዝንት ዎርክ ሂር ኤኒሞር» እና «ሂ ኖ ሎንገር ዎርክስ ሂር»። ሁለተኛው አሉታውን ራሱ ይዟል፤ ስለዚህ «ደዝንት» የለም፣ «ስ» ተመልሳለች። ሁለቱን ቀላቅላችሁ «ደዝንት ኖ ሎንገር» አትበሉ።

«እኔም» እና «እንኳ»። «እኔም አላውቅም» ውስጥ ያለችው «ም» በአዎንታ «ቱ» ናት፤ በአሉታ ግን «ኢዘር» ትሆንና መጨረሻ ላይ ትቀመጣለች፦ «አይ ዶንት ኖው ኢዘር»። ሰው «አይ ዶንት ላይክ ኢት» ሲላችሁ «ሚ ቱ» አትበሉት፤ «ሚ ኒዘር» በሉት። «እንኳ»ን አማርኛ ከስሙ ጋር ይለጥፋታል፣ «ስልክ እንኳ አልደወለም»። በእንግሊዝኛ ሦስተኛውን ቦታ ትይዛለች፦ «ሂ ዲድንት ኢቭን ኮል»። «አንድ ሰው እንኳ አልመጣም» ሲሆን ግን «ኖት» ራሱ ከፊት ይመጣና ግሱ አዎንታዊ ሆኖ ይቀራል፦ «ኖት ኢቭን ዋን ፐርሰን ኬም»።

በደንብ፣ ቀስ ብሎ፣ ትናንት፣ እቤት። የአኳኋን፣ የቦታና የጊዜ ቃላት አራተኛውን ቦታ ይወዳሉ። «እንግሊዝኛ በደንብ አትናገርም» «ሺ ደዝንት ስፒክ ኢንግሊሽ ዌል» ነው። «ስፒክ ዌል ኢንግሊሽ» ቅድም ዝግ ነው ባልነው ቦታ መግባት ነው።

ብዙ ሲሆኑ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። «ትናንት ማታ ሆስፒታል ውስጥ በደንብ አልተኛም» የሚለውን ተመልከቱ፦ ጊዜ፣ ቦታ፣ አኳኋን፣ ግስ። ከግሱ ተነስታችሁ ወደ ኋላ አንብቡት፦ ግስ፣ አኳኋን፣ ቦታ፣ ጊዜ። እንግሊዝኛው ልክ እሱ ነው፦ «ሂ ዲድንት ስሊፕ ዌል ኢን ዘ ሆስፒታል ላስት ናይት»። አማርኛችሁን በመስታወት ውስጥ እንዳያችሁት ማለት ነው። ጊዜውን ብቻ ከፈለጋችሁ ወደ አንደኛው ቦታ ማውጣት ትችላላችሁ፤ መሀል ላይ «አይ ዲድንት የስተርደይ ጎ» ብሎ መሸጎጥ ግን አይሆንም።

«ኦፈን» እና «ሰምታይምስ»። «ሂ ደዝንት ኦፈን አንሰር» ማለት የሚመልሰው ጥቂት ጊዜ ነው። «ሂ ኦፈን ደዝንት አንሰር» ማለት የማይመልስበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የሚመልስበትም ብዙ ሊሆን ይችላል። «ሰምታይምስ» ሁልጊዜ ከአሉታው በፊት ይቁም፦ «ሰምታይምስ አይ ዶንት ስሊፕ»።

«ጀስት»። «አይ ጀስት ዶንት ኖው» ማለት «በቃ አላውቅም» ነው። «ሂ ደዝንት ጀስት ቲች፣ ሂ ኦልሶ ራይትስ» ማለት «ማስተማር ብቻ አይደለም፣ ይጽፋልም» ነው።

«ቢኮዝ» ሲመጣ ተጠንቀቁ

«ሂ ዲድንት ሊቭ ቢኮዝ ኦፍ ዘ መኒ» የሚለው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም አሻሚ ነው። «በገንዘቡ ምክንያት ሳይሄድ ቀረ» ሊሆን ይችላል፤ «ሄዷል፣ ግን ለገንዘብ ብሎ አይደለም» ሊሆንም ይችላል። የ«ኖት» ጥላ እስከ መጨረሻው ድረስ ሊዘረጋ ስለሚችል ነው። መፍትሔው ምክንያቱን ከጥላው ማውጣት ነው፤ ወደ አንደኛው ቦታ አምጡት፦ «ቢኮዝ ኦፍ ዘ መኒ፣ ሂ ዲድንት ሊቭ»። አሁን አንድ ትርጉም ብቻ አለው፤ አልሄደም። አማርኛም «ስለታመምኩ አልመጣሁም» ብሎ ምክንያቱን የሚያስቀድም ስለሆነ ይህ ቅደም ተከተል አይከብዳችሁም።

አጭር መልስ በቃለ መጠይቅ ላይ

ረዳት ግሱ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲሆን ተውሳከ ግሱ ከፊቱ ይሄዳል። «ኖ፣ አይ ሃቭ ኔቨር» ተብሎ አይቆምም፤ «ኖ፣ አይ ኔቨር ሃቭ» ይባላል። «ኖ፣ አይ ዩዡዋሊ ዶንት»፣ «ኖ፣ ሺ ፕሮባብሊ ዎንት» እንደዚሁ ናቸው። ይህ በአሜሪካ ለዜግነት ለሚያመለክቱ ወገኖቻችን ቀጥተኛ ጥቅም አለው። ኤን-400 የተባለው የዜግነት ማመልከቻ ቅጽ «ሃቭ ዩ ኤቨር» ብለው የሚጀምሩ ብዙ ጥያቄዎች አሉበት፤ በቃለ መጠይቁም ሊነሱ ይችላሉ። እውነቱ «አላደረግኩም» ከሆነ «ኖ፣ አይ ኔቨር ሃቭ» ወይም «ኖ፣ ኔቨር» ይበቃል። «ኖ፣ አይ ዲድንት ኔቨር» ሁለት አሉታ ነው።

ጥያቄው ራሱ አሉታ ሲሆን ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። «ታስረህ አታውቅም?» ሲባል በአማርኛ «አዎ፣ አላውቅም» እንላለን፤ «አዎ» የምንለው የጠያቂውን አባባል ለማጽናት ነው። እንግሊዝኛ ግን የሚመልሰው ለድርጊቱ ነው። «ዩ ሃቭ ኔቨር ቢን አሬስትድ?» ሲባል ታስሮ የማያውቅ ሰው «ኖ» ነው የሚለው፦ «ኖ፣ አይ ኔቨር ሃቭ»። «የስ» ብሎ ዝም ካለ ጠያቂው የትኛውን እንደሆነ አያውቅም። «የስ» ወይም «ኖ» ብላችሁ አትቁሙ፤ ሙሉውን ጨርሱት።

ለፈተና ብቻ የሚያስፈልግ አንድ ነገር

አሉታ ያዘለ ተውሳከ ግስ (ኔቨር፣ ሬርሊ፣ ሴልደም፣ ኖት ኦንሊ) አንደኛው ቦታ ላይ ሲወጣ ረዳት ግሱ ከባለቤቱ ይቀድማል፦ «ኔቨር ሃቭ አይ ሲን ሰች ሬይን»፣ «ሬርሊ ደዝ ሂ ኮል»። የጥያቄ ቅርጽ ይይዛል፣ ጥያቄ ግን አይደለም። በጽሑፍ ያምራል፤ ለዕለት ንግግር ግን ይከብዳል።

መልመጃ

አማርኛውን ሸፍናችሁ ሳይሆን እንግሊዝኛውን ሸፍናችሁ ሥሩ፤ አራቱን ደረጃዎች ተከተሉ።

«ብዙም አልገባኝም»፦ አይ ዶንት ሪሊ አንደርስታንድ።

«ነገ ላትመጣ ትችላለች፤ የምትመጣ አይመስለኝም»፦ ሺ ፕሮባብሊ ዎንት ካም ቱሞሮ። ወይም፦ አይ ዶንት ቲንክ ሺል ካም ቱሞሮ።

«ወንድሜም ሥጋ አይበላም»፦ ማይ ብራዘር ደዝንት ኢት ሚት ኢዘር። «ኢዘር»ን «ኢት» እና «ሚት» መሀል ያስገባችሁ ከሆነ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

«አውቶቡሱ አሁንም አልመጣም»፦ ዘ ባስ ስቲል ሃዝንት ካም።

«ሆን ብዬ አላረፈድኩም»፦ አይ ዋዝንት ሌት ኦን ፐርፐስ። አርፍዳችኋል፤ የካዳችሁት ሆን ብላችሁ መሆኑን ብቻ ነው።

«ሆን ብዬ አልነገርኳትም»፦ አይ ዴሊበሬትሊ ዲድንት ቴል ኸር። አልተነገራትም፣ የእናንተም ውሳኔ ነበረ። ሁለቱን ከፍ ባለ ድምፅ አከታትላችሁ አንብቧቸው፤ «ኦን ፐርፐስ» በመጨረሻ፣ «ዴሊበሬትሊ» ከ«ዲድንት» በፊት።